አሮጌ ሆቴል አፍርሱ ለምትባሉ ልጆች

ልጆቼ፣ አርክቴክቸር ጨርሳችሁ ወሎ ውስጥ ሥራ ስትጀምሩ፣ «ይቺን አሮጌ ሆቴል አፍርሰህ ጂ ፕላስ አራት ንደፍልኝ» የሚል ደንበኛ መምጣቱ አይቀርም። እንጀራ ነው፣ ተቀበሉ። ግን ሜትር ከመዘርጋታችሁ በፊት ቤቷ በማን በማን እጅ እንዳለፈች ጠይቁ። ማዘጋጃ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ ቡና ጠጡ። ጀባ ያለቻችሁ እናት ከፋይሉ የበለጠ ታውቃለች።

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ስትወርዱ መንገድ ዳር አንዲት ሆቴል አለች። መንገዱ ጣሊያን በወረራው ዘመን ደሴን ከአሰብ ያገናኘበት ነው። ሆቴሏንም «የጣሊያን ቤት» ይሏታል። አይደለችም። እኛ አገር ግድግዳው ወፈር ያለ ቤት ሁሉ ለጣሊያን ይሰጣል። የሠራት የአገር ሰው ነው፣ የአሰብ ሾፌር ሲበዛ።

ፊት ለፊት ቡና ቤቱ፣ ከኋላ ግቢው፣ ግቢውን ዙሪያ የያዙት አልጋ ክፍሎች ናቸው። የግቢው በር ከባድ መኪና ያስገባል። የክፍሎቹ መስኮት ሁሉ ወደ ግቢው ነው፤ ሾፌር ጭነቱን እያየ እንዲተኛ። መሠረቱ ጥቁር ድንጋይ ሆኖ እስከ ጉልበት ከፍ ብሏል። ከዚያ በላይ ባህር ዛፍ፣ ማገርና በጭድ የተቦካ ጭቃ ነው። ቆርቆሮው ከግድግዳው ክንድ ያህል ወጣ ይላል። ጭቃ ቤትን የሚገድለው ከላይ የሚያፈስ ጣሪያና ከታች የሚረጭ ዝናብ ነው፤ ሰውየው ሁለቱንም ቀድሞ ዘግቷቸዋል። ባቲ ሞቃት ስለሆነ ኮርኒሱን ከፍ አድርጎ ከየበሩ በላይ የአየር መውጫ ትቷል። ለራሱ የሚሠራ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ባለቤቱ ደሴ እየኖረ ሆቴሏን ያከራይ ስለነበር «ትርፍ ቤት» ተብላ ተወረሰች። ያኔ የወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነ ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው የመንግሥት ቤቶችን ለሚያከራየው የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ይሄድ ነበር። እሷ የቀበሌ ሆነች። ኪራዩ ረከሰ፣ ጥገናው ግን ባለቤት አጣ። ጣሪያው ሲያፈስ ተከራዩ ባልዲ ይደቅናል እንጂ ቆርቆሮ አይቀይርም። አይፈረድበትም፤ ለሰው ቤት ማን ይከስራል? ቡና ቤቱ በኮምፔንሳቶ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ሱቅ ሆነ። ኮምፔንሳቶው እስካሁን አለ።

ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ ጭነት ቀረ። አልጋው ፈዘዘ።

ከዚያ የመጣው ተከራይ ቤቷን «ዘመናዊ» ሊያደርጋት ፈለገ። ጭቃው ላይ የዶሮ ሽቦ መትቶ በሲሚንቶ ለሰናት። ላዩ ያምራል። ግን ሲሚንቶና ጭቃ አብረው አይሠሩም፤ ልስኑ ይሰነጠቃል፣ ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። በጣታችሁ አንጓ ኳ ኳ አድርጉት። ድምፁ ባዶ ከሆነ ልስኑ ከግድግዳው ተላቋል።

ስለዚህ ደንበኛው «የኔ ነው» ሲላችሁ በእጁ ያለው የይዞታ ካርታ ነው ወይስ የቀበሌ ኪራይ ውል? ብዙ ወጣት ባለሙያ ይህን ሳያጣራ ንድፍ ይጨርስና ክፍያው አየር ላይ ይቀራል። ካርታ ካለው ደግሞ በውርስ ነው ወይስ በግዢ ያገኘው? በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ፣ ማለትም ያለ ሊዝ የተያዘ የቆየ ቦታ፣ ከውርስ ውጪ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ አድርጓል። የሊዝ ክፍያው የግንባታ በጀቱን ይነካል፤ ጂ ፕላስ አራቱ ጂ ፕላስ ሁለት ሊሆን ይችላል።

መፍረሷ ከተቆረጠ ለክታችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ፣ የነበረውን ሳሉ። አንዱን ኮፒ ለማዘጋጃ ቤቱ ስጡ። አዲሱን ሕንፃ ስትነድፉ ፊቱን ሙሉ መስታወት አታድርጉት፤ በባቲ ፀሐይ እንግዳው ይቀቀላል። የመሠረቱን ጥርብ ድንጋይ ደግሞ ለአፍራሹ በነፃ እንዳይሄድ ውሉ ላይ አስገቡት፤ ለአጥሩ ይሆናል።