ቅጹ ላይ ቦታ ያጣው ስኳር

ሰሞኑን ለእናንተ ለኢንተርኖች፣ ለተለማማጅ ሐኪሞቹ፣ ስለ ስኳር በሽታ አስተምሬ ስወጣ አንዲት ልጅ ደረጃው ላይ ደረሰችብኝና «ዶክተር፣ ታይፕ 1ንም ታይፕ 2ንም የማይመስል በሽተኛ ሲመጣ ካርዱ ላይ ምን ብለን እንጻፍ?» አለችኝ። መልሱን እዚያው ነገርኳት። ጥያቄዋ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ፤ ይህን የምጽፍላችሁም ለዚያ ነው።

በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን አንድ ሆስፒታል የስኳር ተመላላሽ ክፍል እሠራ ነበር። ብዙዎቹ ታካሚዎቻችን ከገጠር የሚመጡ፣ የጎድን አጥንታቸው የሚቆጠር ወጣት ገበሬዎች ነበሩ። አንዱ እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ አለ። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲመጣ ገና ሕፃን ነበር፤ አባቱ «ያኔ ከሞት አፍ የወጣ ልጅ ነው» ብለው ነበር ያስተዋወቁኝ። ኢንሱሊኑ ካለቀበት ሰንብቷል። የስኳር መለኪያው ቁጥር ማሳየት አቅቶት ከልክ በላይ መሆኑን ብቻ ነገረን። በተማርነው መሠረት ታይፕ 1 ያለበት፣ ማለትም ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ያለ ኢንሱሊን ከቆየ ደሙ በኪቶን፣ ሰውነት በስኳር ፋንታ ስብ ሲያነድ በሚወጣው አሲድ፣ ተመርዞ፣ እያቃሰተ በቃሬዛ ነው የሚመጣው። ይሄኛው ግን ዳገቱን ከአባቱ ጋር በእግሩ ወጥቶ መጣ። ሽንቱን ብንመረምር ኪቶን የለም። አብዛኛውን ጊዜ ወፍራሞችን የሚይዘው ታይፕ 2 ነው እንዳንል ደግሞ ገላው ላይ ስብ የሚባል ነገር አልነበረም።

የክፍሉ ሲስተር በዕድሜ ታላቄ ነበሩ። ለእንዲህ ዓይነቶቹ በመዝገባቸው ሦስተኛ ዓምድ ነበራቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር ራሱን የቻለ ዓይነት ብሎ መድቦት ነበርና። ክብደቱን፣ ቁመቱን፣ ኪቶኑን፣ በሽተኛው በልጅነቱ ስንት ክፉ ዓመት እንዳሳለፈ ሁሉ ይጽፉ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። በ1999 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ ማስረጃው አይበቃም ብሎ ያንን ዓይነት ከዝርዝሩ አወጣው። ለእኛም ውሎ አድሮ ባለ ሁለት ዓምድ ቅጽ መጣ። ሲስተር ቅጹን አገላብጠው «ታዲያ እነዚህን የት ልክተታቸው?» ሲሉ፣ አለቃችን «ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ 1 ነው» አሏቸው። በዚሁ አለቀ። አሮጌው መዝገብ ሕንፃው ሲታደስ ከሌላው ወረቀት ጋር ተጭኖ ሄደ። የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

መቼም ስለ እነዚያ ሰዎች ካነሳሁ ገምቦውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ፍሪጅ ስለሌላቸው ኢንሱሊኑን እርጥብ አሸዋ በያዘ ገምቦ ውስጥ አድርገው ጥላ ሥር ይቀብሩት ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር ከሚሞቀው የከተማ ፍሪጅ እሱን አምናለሁ።

መዝገቡ ቢጠፋም ነገሩ አልሞተም። በ2009 እ.ኤ.አ. ከጎንደርና ከጅማ የተገኘ መረጃ «ዲያቤቶሎጂያ» በተባለው መጽሔት ወጣ፤ ጥናቱ የምግብ እጥረቱ ስኳር ጉዳይ እንደገና ይከፈት ወይ ብሎ ጠየቀ። በ2022 እ.ኤ.አ. ሕንድ ቬሎር ውስጥ ቀጫጭን ወንዶችን የመረመሩ ሐኪሞች፣ ችግሩ ጣፊያቸው አጠገብ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን በበቂ አለማመንጨቱ እንጂ ሰውነታቸው ኢንሱሊንን አለመቀበሉ እንዳልሆነ አሳዩ። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከካሜሩን፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ የተውጣጡ፣ በወጣትነታቸው ታመው ታይፕ 1 የተባሉ 894 ሰዎችን የመረመረ ጥናት ወጣ። ታይፕ 1 ማለት የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆሽት ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ጥቃቱም ደም ውስጥ ፀረ አካል ትቶ ያልፋል። ከእነዚህ ሰዎች 65 በመቶ ያህሉ ግን ያ ፀረ አካል አልተገኘባቸውም። በዚያው ዓመት የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ የምግብ እጥረቱን ስኳር ታይፕ 5 ብሎ ሰየመው። ስያሜውን የማይቀበሉ ሊቃውንት አሉ፤ ይከራከሩ። ለእኔ ሦስተኛው ዓምድ ተመልሷል።

ትጉ፣ አንብቡ አልላችሁም፤ እሱን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። እናንተ ስላይዱን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ትሄዳላችሁ፤ በሽተኛውን በእጁ ዳስሶ በብዕሩ የሚጽፍ ግን እያነሰ ነው። ለማዕረግ ዕድገት ተብሎ የሚታተመው ጥናት መብዛቱንም አልወደውም። አሁን ደግሞ የ2009ኙ ጽሑፍ ባይታተም ኖሮ ማን ያስታውሰን ነበር ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው፣ አትሙ። ብቻ ቅጹ የማይጠይቀውንም ጻፉ፤ ጽፋችሁም ቅጂ አስቀሩ።

ያ ልጅ ኢንሱሊኑን እንደ ታይፕ 1 በክብደቱ ልክ ታዞለት ሄደ። በክረምት፣ ጎተራው ሲራቆት፣ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ስቶ አመጡት፤ ግሉኮስ ተሰጥቶት ነቃ። የፌዴሬሽኑ የሥራ ቡድን የታይፕ 5 መለያና የሕክምና መመሪያ እንዲያዘጋጅ ተቋቁሟል። እንዲህ ያለው ገበሬ በጥር ስንት ዩኒት ይውጋ፣ በነሐሴስ? ይህን ኒው ዮርክ ወይም ቬሎር ያለ ሰው ብቻውን አይመልሰውም፤ ነሐሴ ላይ እዚያ ቤት ምን እንደሚበላ ጠይቃችሁ መጻፍ የምትችሉት እናንተ ናችሁ።