ጋይኒ ወይስ ሰርጀሪ? ደሴ ላለች ኢንተርን

ጥያቄሽ ባጭሩ፦ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኢንተርን ነሽ፤ ሆድ ውስጥ የተሰራጨ የኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻ) ካንሰርን ኦፕሬት ማድረግ ትፈልጊያለሽ፤ ሬዚደንሲው (የስፔሻሊቲ ሥልጠናው) የቱ ይሁን፣ ጋይኒ (የማህፀንና ጽንስ ሕክምና) ወይስ ሰርጀሪ (ቀዶ ሕክምና)?

ጋይኒ ግቢ። 4 ዓመት ስፔሻሊቲ፣ ከዚያ የጋይኒ ኦንኮሎጂ (የሴት መራቢያ አካላት ካንሰር ሕክምና) ሰብ ስፔሻሊቲ፤ ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም ያስተምሩታል። የሰርጀሪ ሮቴሽንሽን (በዚያ ክፍል የምትሠሪበትን ጊዜ) ግን እንደ ግዴታ ብቻ አትጨርሺው። ይህ በሽታ ዳሌ ውስጥ ተወስኖ አይቀመጥም፤ አንጀት ቆርጦ መቀጠል፣ ጣፊያ ማውጣት፣ የድያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) ሽፋን መላጥ ይመጣል።

ሆዱ ከታች እስከ ደረት አጥንት ጫፍ በቁመት ይከፈታል፤ በአግድም ቁስል ላይኛው ሆድ አይደረስም። በግ ሲታረድ የምታውቂው ስስ ሞራ እዚህ እንደ ድፎ ዳቦ ወፍሮና ጠንክሮ ይገኛል፤ ከማህፀን፣ ከሁለቱ ኦቫሪና ቱቦዎች ጋር ይወጣል። ጀማሪ የሚስተው በጉበትና በቀኝ ድያፍራም መካከል ያለውን እጢ ነው፦ እጅሽን ስታስገቢ እንደ አሸዋ ይሻክርሻል። ግቡ ለዓይን የሚታይ እጢ አለማስቀረት ነው። ቀድሞ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ከቀረ ይበቃል ይባል ነበር፤ ረዘም ያለ ዕድሜ የሚያገኙት ግን ምንም ያልቀረባቸው ናቸው። ስለዚህ የኦፕሬሽን ኖት (ማስታወሻ) ላይ «አብዛኛው ወጥቷል» አይጻፍም፤ የቀረው የት፣ ስንት ሚሊ ሜትር?

ለእኔ ሙያውን የሚለየው አለመክፈትን ማወቁ ነው። ትንሹ አንጀት በሰፊው ከተወረረ ወይም የአንጀቱ ማሰሪያ ሥሩ ላይ ከተኮማተረ፣ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶቹ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል በየ3 ሳምንቱ 3 ወይም 4 ዙር ይቀድማል፤ ኦፕሬሽኑ ከዚያ፣ ቀሪው ዙር ደግሞ ከኦፕሬሽኑ በኋላ።

የሚበላሸውንም እወቂ። ድያፍራም ሲላጥ ሊቀደድ ይችላል፤ ውሃ ሞልተሽ አንስቴዢያው ሳንባውን ሲነፋ አረፋ ካየሽ ተቀዷል፣ ይሰፋል። አንጀት በተቀጠለ በ5ኛው ቀን ግድም ትኩሳትና የልብ ምት ከተነሳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የስፌቱ መፍሰስ ነው፤ «ወባ ይሆናል» ተብሎ ሲጠበቅ ታማሚዋ ልትሞት ትችላለች።

አሁን ደሴ ሆነሽ የምትጀምሪው ከዋርድሽ ነው። ከኮምቦልቻ ሆዷ ውሃ ቋጥሮ የመጣች ሴት ሲኤ 125 (በኦቫሪ ካንሰር ከፍ የሚል የደም ምርመራ) ከፍ ስላለባት ብቻ ካንሰር አትበዪ፤ የሆድ ቲቢም ከፍ ያደርገዋል። ከውሃው ለሳይቶሎጂም (የካንሰር ሴል ፍለጋ) ለጂን ኤክስፐርትም (የቲቢ ምርመራ) ላኪ። ጂን ኤክስፐርቱ ኔጌቲቭ ቢመጣም ቲቢ የለም ማለት አይደለም፤ ቁርጡን የሚነግርሽ ከሆድ ዕቃው ሽፋን የሚወሰደው ባዮፕሲ (የሥጋ ናሙና) ነው።