ቆዳ አሳዳጊ ነኝ፤ ጠይቁኝ

ሥራዬ የሰው ቆዳ ሴል ቤተ ሙከራ ውስጥ ማሳደግ ነው። እርጅናንና የቆዳ በሽታን እናጠናለን። ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች የቻልኩትን እነሆ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ ቆዳውን ከየት ነው የምታመጡት?

መልስ፦ አትደንግጥ። ብዙውን ጊዜ ከቀዶ ሕክምና የተረፈ ነው፤ ባለቤቱ ፈርሞ ሲፈቅድ እንወስደዋለን። የሕፃን ሴል ሲፈለግ ደግሞ የግርዛት ቆዳ አለ። አዎ፣ ሌላው የሚጥለው ለእኛ ሀብት ነው።

ጥያቄ፦ ሴል ብልቃጥ ውስጥ ያረጃል እንዴ?

መልስ፦ ያረጃል፤ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ኮላጅንን፣ ማለትም ቆዳን የሚያጠነክረውን ፕሮቲን፣ የሚሠሩት ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሴሎች ወጣት ሳሉ ቀጫጭን ናቸው፤ እንደ ዓሣ መንጋ በአንድ አቅጣጫ ይደረደራሉ። ቦታ ሲጠባቸው ከፍለን ወደ አዲስ ብልቃጥ እናዛውራቸዋለን። ስንተኛ ዙር እንደሆነ ብልቃጡ ላይ በማርከር እንጽፋለን። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሴሉ ይንሰራፋል፣ መጥበሻ ላይ እንደፈሰሰ እንቁላል ጠፍጣፋ ይሆናል። መከፋፈሉን ያቆማል፤ ግን አይሞትም።

ተመራማሪዎቹ ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ በ1961 አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ውስጥ ያሳዩት ይህንን ነው። ጤናማ የሰው ሴል 50 ጊዜ ገደማ ከተከፋፈለ በኋላ ይቆማል። ከዚያ በፊት በደንብ የተያዘ ሴል ዘላለም ይባዛል ተብሎ ይታመን ነበር። አንዱ ምክንያት ሴሉ በተከፋፈለ ቁጥር የዘር መረጃ የያዘው ክሮሞሶሙ ጫፍ ማጠሩ ነው። የሚያናድደው፣ ያረጁት አርፈው አይቀመጡም። ኮላጅን የሚሰባብር ኢንዛይም እየለቀቁ ጎረቤት ይበጠብጣሉ።

ጥያቄ፦ “ስቴም ሴል አለበት” ተብሎ የሚሸጠውን ክሬም ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ብርሽን አታባክኚ። ስቴም ሴል ማለት እየተከፋፈለ ሌሎች ሴሎችን የሚተካ እናት ሴል ነው። ሕያው ሴል 37 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ ካልመገብነው ይሞትብናል። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ወራት ከርሞ ፊትሽ ላይ አይነቃም። “በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል” የሚለውም አያታልልሽ። እኛ የምንሞክረውን ነገር በቀጥታ ሴሉ ላይ እናፈስሰዋለን። ፊትሽ ላይ ግን የሞቱ ሴሎች ግንብ አለ፤ እንደ ኮላጅን ያለ ትልቅ ሞለኪውል አያሳልፍም። ትሬቲኖይን የሚባለው የቫይታሚን ኤ ዝርያ መድኃኒት ሞለኪውሉ ትንሽ ስለሆነ ያልፋል፤ እሱም በሐኪም ትእዛዝ ነው፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ብልቃጥ ውስጥ ያደገ ቆዳ ሰው ላይ ይለጠፋል?

መልስ፦ ይለጠፋል። ይህን ጥያቄ ነበር ስጠብቅ የነበረው። በ2015 አንድ የ7 ዓመት ሶርያዊ ልጅ ጀርመን፣ ቦኹም ከተማ ሆስፒታል ገባ። ላምቢ3 የሚባለው ጂን ስለተበላሸ የላይኛው ቆዳው ከታችኛው ጋር አይያያዝም፤ በትንሽ ንክኪ ይላጣል። አብዛኛው ቆዳው ረግፎ ሐኪሞቹ ተስፋ ወደ መቁረጡ ነበሩ። ጣልያን፣ ሞዴና ያለው የሚኬሌ ዴ ሉካ ቡድን ካልቆሰለው ቦታ ጥቂት ሴንቲሜትር ቆዳ ወሰደ፣ ጤናማውን ጂን በቫይረስ አስገባበት፣ አሳድጎ በአንሶላ በአንሶላ ላከው። ከሰውነቱ 80 በመቶው በአዲስ ቆዳ ተሸፈነ። ልጁ ትምህርት ቤት ተመለሰ፣ ኳስም ተጫወተ።

ለእኔ ከዚህ የሚበልጠው በ2017 ከታተመው ጥናት የተገኘው ነው። ያን ሁሉ ቆዳ እያደሰ የሚያቆየው ጥቂት እናት ሴል ብቻ ነው። የተለጠፈው ሌላው ሴል ሁሉ ከጊዜ በኋላ ረግፏል።

ጥያቄ፦ እኔ 70 ሞልቶኛል። ወደ ወጣትነት የምትመልሱኝ መቼ ነው?

መልስ፦ እማማ፣ እርስዎን እንጃ፤ ሴልዎን ግን ይሞከራል። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሺንያ ያማናካ የሰው ቆዳ ሴልን በ4 ጂን ወደ ፅንስ መሰል ሴል የመለሰው በ2007 ነው። በ2022 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ያ ሂደት በ13 ቀን ላይ ተቋርጦ፣ ሴሉ የቆዳ ሴልነቱን ለጊዜው ለቅቆ መልሶ ከያዘ በኋላ በመለኪያ 30 ዓመት ገደማ ወጣት ሆኖ ተገኘ። ሰው ላይ ግን ገና ነው፤ ካንሰር ሊያስነሳ ይችላል። ለጊዜው ከፀሐይ የሚከልልዎትን ጥላ አይርሱ።

ጥያቄ፦ ሴሎቹ እሁድ ያርፋሉ?

መልስ፦ የት አባታቸው! ቀይ የነበረው ምግባቸው ቢጫ ከሆነ ተርበዋል ማለት ነው። ትላንት ሳየው ወደ ብርቱካናማ እየሄደ ነበር፤ ልነሳ።