ዶሮው ከጮኸ በኋላ

ሰሞኑን አንድ ተማሪ «ጋሼ፣ ስልኬ ሁሉን እያሰላልኝ ባሕረ ሐሳብ፣ ያንን የጥንት የበዓላት ስሌት፣ መማር ምን ይሠራልኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ስትራስቡርግን አስታወሰኝ።

በዚያ የፈረንሳይ ከተማ፣ ካቴድራሉ ውስጥ፣ 18 ሜትር ያህል የሚረዝም የሥነ ፈለክ ሰዓት አለ። ዣን ባፕቲስት ሽዊልጌ ከ1838 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው። ወጣት መሐንዲስ ሳለሁ ላየው ሄድኩ። በየሩብ ሰዓቱ የሕፃን፣ የወጣት፣ የጎልማሳና የሽማግሌ ምስሎች ተራ በተራ በሞት ምስል ፊት ያልፋሉ። ትልቁ ትርኢት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱ የሚሄደው በከተማው የፀሐይ አቆጣጠር ስለሆነ ለእሱ ያኔ ገና እኩለ ቀን ነው። አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ክርስቶስ ፊት እጅ እየነሱ ያልፋሉ። ከላይ ያለው ዶሮ ክንፉን አራግቦ ሦስት ጊዜ ይጮኻል። ሰው አጨበጨበና ወጣ።

እኔ ቀረሁ። ከግርጌው በስተግራ የሚያማምሩ ማርሾች አሉ። ዓመቱን ሙሉ ይቆሙና በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ዞረው የመጪውን ዓመት ፋሲካ ያወጣሉ። የ19 ዓመቱ የጨረቃ ዑደት አለ፤ አበቅቴም፣ በዓመቱ መጀመሪያ የጨረቃን ዕድሜ የሚናገረው ቁጥር፣ አለ። የእነሱ ፋሲካ ከእኛ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። የሒሳቡ ሥር ግን አንድ ነው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

አጎቴ መሪጌታ ነበሩ። ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ይህንኑ በጣታቸው ያወጡት ነበር። ወንበር የሚሉት ዓመቱ በ19ኙ ዑደት ውስጥ ያለበት ተራ አንድ ተቀንሶለት ነው፤ መጥቅዕ ደግሞ አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት ቁጥር ነው። «ወንበሩን በ11 አባዛ፣ በ30 ግደፍ፣ ማለትም ቀሪውን ብቻ ያዝ፣ አበቅቴ ታገኛለህ። በ19 አባዝተህ እንዲሁ በ30 ከገደፍከው መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ሁሌም 30!» ይሉኝ ነበር። ጥርስ አልባ አፋቸው ሲስቅ ደስ ይል ነበር፤ ቡናቸውንም በጨው ነበር የሚጠጡት። እኔ ውጭ አገር ስማር አረፉ። ማርሽ ስቀርጽ ኖሬ፣ የእሳቸውን ስሌት በማርሽ ተሠርቶ ሳየው የምነግራቸው አልነበሩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዛሬ ልጆች መልሱን ትወዳላችሁ፤ መንገዱ ይሰለቻችኋል። ስልክን አልነቅፍም፤ እኔም በዓል የማየው በእሱ ነው። ግን ሽዊልጌ ያንን ማሽን የሠራው ስሌቱን ከሥሩ ስላወቀው ነው።

ቤተሰባችሁ ውስጥ መሪጌታ ካለ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ።  አንተ የጠየቅከኝ ልጅ ግን የመጪውን ዓመት ፋሲካ በእጅህ አውጣና ላክልኝ። ከተሳሳትክ የቱ ጋ እንደሆነ አብረን እናየዋለን።