ለማድያት ብዬ የተቀባሁት ቅባት

እህቴ፣ ለማድያት የገዛሽውን ክሬም ስታቆሚ ፊትሽ እንደሚቃጠል፣ ፀሐይም አላስወጣ እንዳለሽ ጽፈሽ ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው የደረሰብኝ።

1. ቲዩቡን እንዳትጥዪው። ሐኪም ጋ ይዘሽው ሂጂ። እኔ ተናድጄ ጥዬው ምን ስቀባ እንደከረምኩ መናገር አቃተኝ። ለማሳየት ብቻ ያንኑ ክሬም እንደገና ገዛሁ። ክሎቤታሶል ነው። ከስቴሮይድ ቅባቶች (የቆዳ መቆጣትን ከሚያበርዱት) ሁሉ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ። ለፊት አይመከርም፤ ሌላ ቦታ ላይም ቢሆን ያለ ሐኪም ክትትል ከ2 ሳምንት በላይ አይቀባም። እኔ 7 ወር ተቀባሁት!

2. ሲያቃጥልሽ መልሰሽ አትቀቢ። እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። መጀመሪያ ፊቴ ጠራ፤ ያየኝ ሁሉ "ምን ተቀባሽ?" ይለኛል። አልቆብኝ 4 ቀን ሳቆም ግን በርበሬ የነሰነሱብኝ ያህል ነደደኝ። ቀላ፣ አበጠ፣ ብጉር ወረሰው። ስቀባው ጸጥ ይላል። መድኃኒት መሰለኝ፤ ለካ የሚያሳምመኝ እሱው ኖሯል። ቆዳዬ ሳሳ፤ ጉንጬ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች ወጡ። የሸጠልኝ ፋርማሲ ሄጄ ብጠይቅ ሰውየው ሰው ፊት "ማን ቀቢው አለሽ?" ብሎ ጮኸብኝ። "ለማድያት ፍቱን ነው" ብሎ ያለ ማዘዣ የሰጠኝ ራሱ ነው! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ሪፈር አጽፌ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ሄድኩ። 130 ኪሎ ሜትር ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። የቅባቱን ኃይል ቀስ በቀስ እየቀነሰች አስቆመችኝ። ስለዚህ አንቺም አወራረዱን ለሐኪም ተዪው።

3. ፀሐዩ። የኛ አገር ብርድ እንዳያታልልሽ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ቆዳ የሚጎዳው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጋቢ ደርበን እየተንቀጠቀጥን ይመታናል። ማድያትንም የሚያጠቁረው እሱ ነው። ሰፊ ባርኔጣ አድርጌ ስወጣ ሰፈሩ አፈጠጠብኝ፤ አላወለቅኩትም። የፀሐይ መከላከያም በየጠዋቱ እቀባለሁ፣ ደመና ቢሆንም።

ለመዳን ዓመት ገደማ ፈጀብኝ። ማድያቱ አሁንም ትንሽ አለ። ማቃጠሉ ግን ጠፍቷል። ባለፈው ወር የእህቴ ሠርግ ላይ ፊቴን ሳልሸፍን ፎቶ ተነሣሁ።