«ፊቴን ራሴ ልታጠብ»

ጥያቄ፦ በተሃድሶ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርቴን ልጨርስ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። ቀጥዬ በፓሊየቲቭ ኬር (የከባድ ሕመምተኛን ሥቃይ በሚያስታግሰው ሕክምና) ልሠልጥን ስል ጓደኞቼ «አንተ ሰው የምታስነሳ ሐኪም ነህ፤ እዚያ ምን ትሠራለህ?» ይሉኛል። እርስዎ ሁለቱንም ስለሠሩ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም ይህንኑ ተብያለሁ። መልሱን ያገኘሁት ከአንድ በሽተኛ ነው። ካንሰሩ አከርካሪው ውስጥ ገብቶ ነበር። ካርዱ ላይ «በምርኩዝ 10 ሜትር መራመድ» ብዬ ግብ ጻፍኩለት። ፊዚዮቴራፒስቷ ልታስነሳው ስትሞክር ጥርሱን ነክሶ አንሶላውን ይጨብጣል። በሦስተኛው ቀን «አይተባበርም» ብዬ ጻፍኩ። ያን ቃል ሳስታውሰው ዛሬም ያመኛል።

የፓሊየቲቭ ሐኪሟ ግን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና «ምን ማድረግ ቢችሉ ደስ ይልዎታል?» አለችው። «ፊቴን ራሴ ልታጠብ» አላት። በማግስቱ የሚዋጠውን የሕመም ማስታገሻ፣ ሞርፊንን፣ ከመንቀሳቀሱ አንድ ሰዓት ያህል አስቀድመን ሰጠነው፤ ፈጣኑ ዓይነት ኃይሉ የሚበረታው ከተዋጠ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። በትራስ ደግፈን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥነው። ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ውሃውን በሁለት እጁ ዘገነ፤ ፊቱን ሲያብስ ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ ማናችንም አላቻኮልነውም።

ሥልጠናው የሚሰጥዎት ይህንን ነው፦ ሕመምን በሰዓቱ መቅደም፣ ከሞርፊን ጋር የሆድ ድርቀት መድኃኒት አብሮ ማዘዝ፣ መጥፎ ዜና ተቀምጦ መናገር፣ ግቡን ከበሽተኛው አፍ መስማት። እርስዎ ደግሞ ይዘውት የሚሄዱት አለ። የጡንቻ መገተርን ማላላት፣ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው አቅሙን ቆጥቦ እንዲንቀሳቀስ ማስተማር፣ ቤተሰቡ የራሱን ወገብ ሳይጎዳ በሽተኛውን እንዲያገላብጥ ማሳየት የእኛ ሙያ ነው። ካንሰር አከርካሪው ላይ ያለበት ሰው እግሩ ድንገት ቢዝል ወይም ሽንቱ ቢታገድ የዚያኑ ቀን የሚታይ ድንገተኛ ሕመም መሆኑንም አይዘንጉ። ብዙ ጊዜ ለውጡን ቀድመን የምናየው እኛ ነን።

ደግሞም እንግዳ አይሆኑም። አሜሪካ ውስጥ ፓሊየቲቭ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2006 ራሱን የቻለ ንዑስ ስፔሻሊቲ ሲሆን፣ ከደገፉት አሥር የስፔሻሊቲ ቦርዶች አንዱ የተሃድሶ ሐኪሞች ቦርድ ነበር። ፌሎሺፑ (ከስፔሻሊቲ በኋላ የሚወሰደው ሥልጠና) አንድ ዓመት ነው።

ማሠልጠኛ ሲመርጡ «በሽተኛን ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ታያላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የአልጋውን ቁመትና የመጸዳጃውን በር ስፋት በዓይንዎ ካላዩ የሚያዙት ዊልቸር በሩ ላይ ይቀራል።