ጥያቄና መልስ፦ የቢዝነስና የሥራ አመራር ትምህርት ችግሮችና መጪው ጊዜ

በባሕር ዳር ለረጅም ዓመታት ሥራ አመራርን ያስተማርሁ መምህር ነኝ። የቡድናችን አባላት ስለ ቢዝነስ ትምህርት ያላችሁን ጥያቄ እንድመልስ ስለጠየቃችሁኝ፣ ከደረሱኝ መካከል ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የቢዝነስ ትምህርት በዓለም ላይ ይህን ያህል ተስፋፍቶ ሳለ ለምን በየቦታው ይወቀሳል?

ወቀሳው የመጣው ትምህርቱ ካደገበት መንገድ ነው። በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1819 የንግድ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ጆሴፍ ዋርተን የተባለ የብረታ ብረት ባለሀብት በሰጠው ገንዘብ በ1881 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የቢዝነስ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ በ1908 ሃርቫርድ ኤምቢኤ የተባለውን የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ ዲግሪ ማስተማር ጀመረ። ትምህርቱ በዚያ ዘመን የነጋዴና የመሐንዲስ ልምድ የሚወራበት ነበር። በ1959 በፎርድና በካርኔጊ ፋውንዴሽኖች ድጋፍ የተዘጋጁ ሁለት ጥናቶች ግን ትምህርቱ ሳይንሳዊ መሠረት እንደጎደለውና መምህራኑም በቂ ዝግጅት እንደሌላቸው አጥብቀው ተቹ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቶቹ ፊታቸውን ወደ ሒሳብ፣ ወደ ኢኮኖሚክስና ወደ ሥነ ልቦና ምርምር አዞሩ።

እርምጃው ለጊዜው ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ከልክ አለፈ። የመምህሩ ዕድገት ተመራማሪዎች ብቻ በሚያነቧቸው መጽሔቶች ላይ በሚያወጣው ጽሑፍ ስለሚለካ፣ በፋብሪካ ወይም በሱቅ ደጃፍ ያላለፈ ሰው ስለ ፋብሪካና ስለ ሱቅ ሊቅ ሆኖ ይቆጠር ጀመር። በካናዳ የማጊል ዩኒቨርሲቲ ምሁር የሆኑት ሄንሪ ሚንትዝበርግ፣ አመራር በልምድ የሚገኝ ሙያ በመሆኑ ልምድ ለሌለው ወጣት በክፍል ውስጥ ሊሰጥ አይችልም ብለው ሲሟገቱ ኖረዋል። ሕንዳዊው ሱማንትራ ጎሻል ደግሞ፣ ሰው ሁሉ የራሱን ጥቅም ብቻ ያሳድዳል ብለን ስናስተምር ተማሪውን ከሥነ ምግባር ኃላፊነት ነፃ እናወጣዋለን የሚል ብርቱ ክስ አቅርበዋል።

እ.ኤ.አ. የ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ይህ ወቀሳ ከክፍል ወጥቶ የአደባባይ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የሃርቫርድ ተመራቂዎች በታማኝነት ለማገልገል ቃለ መሐላ አዘጋጅተው ነበር። መሐላውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በፈተና የማይጠየቅ ነገር በተማሪው ዘንድ ክብደት ስለማይኖረው፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ሳይለወጥ መሐላ ብቻውን ብዙ ርቆ አይሄድም።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የኤምቢኤ ፕሮግራሞች እየተዘጉ ነው መባሉ እውነት ነው?

በከፊል እውነት ነው። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017፣ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ2019 የሙሉ ጊዜ ኤምቢኤ ማስተማር እንደሚያቆሙ አስታውቀዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ተማሪው ለትምህርቱ ከሚከፍለው በላይ ሁለት ዓመት ደመወዝ ያጣል። ኢሊኖይ ትኩረቱን ያዞረው በበይነ መረብ ወደሚሰጠውና ዋጋው በብዙ ወደቀነሰው ፕሮግራም ነው። ስመ ጥር የሆኑት ጥቂት ትምህርት ቤቶች ዛሬም ተማሪ አላጡም፤ የተጎዱት መካከለኞቹ ናቸው። ሕንድ በ1961 በአሕመዳባድና በካልካታ፣ ቻይና በ1994 ከአውሮፓ ኅብረት ጋር በሻንጋይ፣ ናይጄሪያም በ1991 በሌጎስ የራሳቸውን ከፍተዋልና፣ ለዚህ ትምህርት ወደ ምዕራብ መጓዝ ግዴታ የነበረበት ዘመን አልፏል።

ጥያቄ፦ የማኔጅመንት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምንማረው ምሳሌ ሁሉ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ለባሕር ዳር ምን ይጠቅመናል?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ እወደዋለሁ። ሃርቫርድ ያስፋፋው፣ የአንድን ድርጅት እውነተኛ ታሪክ ለተማሪ አቅርቦ «አንተ ብትሆን ምን ትወስን ነበር?» ብሎ የማከራከር ዘዴ እጅግ ጠቃሚ ነው። ጉድለቱ ዘዴውን ከነታሪኩ መዋሳችን ነው፤ ዘዴውን ይዘን ታሪኩን ከደጃችን መውሰድ ነበረብን።

የጣናን ዓሣ አስጋሪ አስብ። ዓሣው በረዶ ወይም ማቀዝቀዣ ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ መሸጥ አለበት፤ ስለዚህ ዋጋውን የሚቆርጠው ገዢው ነው። በጾም ወራት ፈላጊው ይበዛል፣ ከፋሲካ በኋላ ይቀንሳል። በክረምት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣሉ፤ በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ብዙ ያገኛል፣ ነገር ግን የሚያጠምደው የመጪዎቹን ዓመታት ዓሣ ነው። አብዛኞቹ የእነዚህ ዝርያዎች ከጣና በቀር በየትም የማይገኙ ናቸው። አንተ የአስጋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነህ እንበል። መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ በብድር ማቀዝቀዣ ትገዛለህን? ከማኅበሩ ውጭ ያሉት ማጥመዳቸውን ሳያቆሙ፣ የአንተን አባላት ከወንዙ አፍ ትከለክላለህን? ብትከለክልስ በእነዚያ ወራት ቤተሰባቸውን በምን ያስተዳድሩ? እዚህ ውስጥ ፋይናንስ፣ የዋጋ አወሳሰን፣ ሕግ፣ ሥነ ምግባርና የተፈጥሮ ጥበቃ በአንድነት አሉ። በጣና ዳር ያለው የዘጌ ቡናም እንዲሁ ነው፤ በሬ ጠምዶ ማረስ በወግ በተከለከለበት፣ ገዳማት ባሉበት ደን ጥላ ሥር የሚበቅል ቡና በስሙና በታሪኩ እንዴት ለገበያ ይቅረብ የሚለው ጥያቄ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ያከራክራል።

ታዲያ እነዚህ ለምን አልተጻፉም? እንዲህ ያለውን ታሪክ ለመጻፍ ደጋግሞ መሄድ፣ መዝገብ ማየት፣ የባለጉዳዩን አመኔታ ማግኘት ያስፈልጋል፤ መምህሩ ግን ዕድገት የሚያገኝበት መጽሔት ላይ በሚያወጣው ጽሑፍ ነው። ይህ ሚዛን በዓለም ሁሉ ያለ ነውና እኛ ብቻ የፈጠርነው አይደለም፤ ለማስተካከል ግን የሌላውን ዓለም ፈቃድ መጠበቅ የለብንም። ከተማችን ትምህርትን ከሥራ ጋር ማቀራረብን ታውቀዋለች። በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ጨርቃ ጨርቅን ያስተምር የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ውስጥ ነበር።

ጥያቄ፦ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተና የትምህርቱን ጥራት አያሻሽልም?

ዝቅተኛውን ደረጃ ያስጠብቃል፤ በዚህ ረገድ እደግፈዋለሁ። የምሰጋው ክፍሎቻችን ምርጫ ጥያቄ ወደማጥናት እንዳይወርዱ ነው። ከአራት አማራጮች አንዱን ማክበብና ሠራተኛን አሳምኖ ማሠራት እጅግ የተራራቁ ችሎታዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የቤት ሥራውን ሁሉ እየሠራ ሳለ ተማሪዎች ምን ይማራሉ?

በጽሑፍ የሚቀርብ የቤት ሥራ ብቻውን የዕውቀት ማስረጃ መሆኑ አብቅቷል። እኔ የማየው መፍትሔ የቃል ጥያቄ ነው። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በየኔታ ፊት ቆሞ ያሰማል፣ ይታረማል፣ ስለ ምሥጢሩ ይጠየቃል። የቢዝነስ ተማሪም ያቀረበውን ዕቅድ ቆሞ ያስረዳ፤ ለምን ይህን ቁጥር እንደወሰደ፣ ሽያጩ በግማሽ ቢቀንስ ምን እንደሚያደርግ ይጠየቅ። ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢያንስ ለመመረቂያ ሥራ ግን ይቻላል።

ጥያቄ፦ ልጄ አካውንቲንግ ልትመርጥ ነው። ተመራቂው በዝቷል ይባላልና አባትነቴ አሳስቦኛል። ምን ይመክሩኛል?

ተመራቂው መብዛቱ እውነት ነው፤ ሥራው ግን መልኩን እየለወጠ ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃዎች እንዲያዘጋጁ አስገድዷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍተው አዋጅ ጸድቋል፣ አክሲዮንና ቦንድ የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ሥራ ጀምሯል። ሒሳብ መዝጋቢን ኮምፒውተር ይተካዋል፤ የአንድን ድርጅት ሒሳብ አንብቦ ጤንነቱን የሚናገር ሰው ግን የበለጠ ይፈለጋል። ስለዚህ ትማር፤ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ግን የአንድ የምታውቁትን ሱቅ ወይም ሆቴል መዝገብ ባለቤቱን አስፈቅዳ ትያዝ። ከአካውንቲንግ ጋር አንድ የሥራ ዘርፍ፣ እርሻም ሆነ ሆቴል፣ ጠልቃ ትወቅ።

ጥያቄ፦ እኔ በገበያ እህል ነጋዴ ነኝ፤ ከ10ኛ ክፍል አላለፍሁም። የቢዝነስ ትምህርት ለእኔ የሚሆን ነገር አለው?

ይህ ትምህርት በዓለም ሁሉ የዘነጋው እንደ እርስዎ ያለውን ሰው ነው፤ የወደፊት ዕድሉም ያለው እዚያ ይመስለኛል። ለገጠሩ ሕዝብ ያለ ቤት ዋስትና በቡድን ሲያበድር የኖረውና ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ባንኮች ደንበኛ ይሆናሉ ብለው ያልቆጠሯቸውን ሰዎች ይዞ ነው ያደገው። ዩኒቨርሲቲዎችም ለሚሠራ ሰው የማታና የሰንበት አጫጭር ሥልጠና፣ በአማርኛ፣ በገዛ መዝገቡ ላይ ተመሥርተው ሊሰጡ ይገባል። ይህ እስኪሆን ከሦስት ነገሮች ይጀምሩ፦ የሱቁን ገንዘብ ከቤቱ ገንዘብ ይለዩ፣ የዱቤውን ቀን ከነስሙ ይመዝግቡ፣ ለእያንዳንዱ ኩንታል ከግዢው ሌላ የጫኑበትን፣ ያወረዱበትንና ያከማቹበትን ወጪ ይደምሩ። የሦስት ወር መዝገብ ሲሞላ ይላኩልኝ፤ ትርፉ የቱ ላይ እንዳለ አብረን እናየዋለን።